ልጄ ለሰከንዶች ትፈዛለች፤ ኢኢጂው ግን «ደህና ነው» ተባለ

የወላጅ ጥያቄ፦ «የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ መምህሯ "ክፍል ውስጥ ትፈዛለች፣ ስጠራት አትሰማም" ትለኛለች። እኔም ልብ ብዬ ሳያት እያወራች ድንገት ቀጥ ትላለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ የዓይኗ ቆብ ይርገበገባል፤ ወደ አሥር ሰከንድ ያህል ቆይታ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ትቀጥላለች። አትወድቅም፣ አትንዘፈዘፍም፣ አረፋም አትደፍቅም። ሐኪም ዘንድ ወስደናት ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀርጽ ምርመራ) ተነሣችና "ደህና ነው" ተባልን። አባቷ "ትኩረት ማጣት ነው፣ ስታድግ ይተዋታል" ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለልጁ የታዘዘለትን ካርባማዜፒን እንሞክርላት ይላል። ይህ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል? ሲቲ ስካን እናስነሣ ወይስ እንጠብቅ?»

ሊሆን ይችላል። ድንገት ቀጥ ማለት፣ ዓይን መተከል፣ የዓይን ቆብ መርገብገብ፣ ከዚያም ያለ ምንም መደናገር ወደ ነበሩበት መመለስ፣ «አብሰንስ» ከሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ጋር በጣም ይቀራረባል። ዕድሜዋም ይገጥማል፤ የልጅነት አብሰንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 7 ዓመት ላይ ነው። ሆኖም መምሰል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሚያረጋግጠው በአግባቡ የተሠራ ምርመራ ነው። እስከዚያው ግን የዘመድዎን ልጅ ካርባማዜፒን አይስጧት። ለሌላ ዓይነት ጥቃት ጥሩ የሚባለው ይህ መድኃኒት አብሰንስን ሊያባብስ ይችላል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሚጥል በሽታ ሁሉ ይጥላል ማለት አይደለም። ጥቃት የሚባለው የአንጎል ሕዋሳት ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ለአጭር ጊዜ ከሥርዓት ሲወጣ ነው። ከውጭ የሚታየውን የሚወስነው ሁከቱ የተነሣበት ቦታና የተስፋፋበት መጠን ነው። እጅን ከሚያዘው ክፍል ከተነሣ እጅ ይርገፈገፋል፤ ንግግርን ከሚያዘው ክፍል ከተነሣ አንደበት ይያዛል። በአብሰንስ ጊዜ በአንጎል ቅርፊትና ከሥሩ በሚገኘው ታላመስ መካከል ያለው የምልክት ምልልስ፣ በሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ፣ በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ በሚደጋገም ምት ይያዛል። የሚቋረጠው ንቃት ነው እንጂ ጡንቻ አይንዘፈዘፍም። ስለዚህ ልጅቷ እንደቆመች፣ ዓይኗን እንደገለጠች ለ10 ሰከንድ ያህል የሚባለውም የሚደረገውም ነገር አይደርሳትም። አንድ ልጅ በቀን 50 ጊዜ ለ10 ሰከንድ ቢቋረጥበት ሲደመር ከ8 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጉዳቱ ግን በደቂቃ አይለካም፤ መምህሯ አንድ የሒሳብ ሥራ ስታስረዳ ሁለተኛው እርምጃ ካመለጣት ሦስተኛውና አራተኛው ትርጉም ያጡባታል። ብዙ ልጆች ሰነፍ እየተባሉ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚያሳልፉት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቷ ትኩረት ማጣት ነው ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በሐሳብ የሚዋጥ ልጅ ግን የሚዋጠው ነገር ሲሰለቸው ነው፤ ትምህርቱ ሲረዝምበት፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ። አብሰንስ የሚወደውን ጨዋታ እየተጫወተ፣ ምግብ እያኘከ፣ ደረጃ እየወጣ፣ ሌላው ቀርቶ አንድ ቃል ጀምሮ ሳይጨርሰው ይመጣል። ሐሳብ ቀስ እያለ ይወስዳል፣ ቀስ እያለም ይመልሳል፤ አብሰንስ ግን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ አንዴ ጠፍቶ አንዴ ይበራል። በሐሳብ የተዋጠውን ልጅ ትከሻውን ነካ ሲያደርጉት ወይም የሚወደውን ነገር ሲያነሡበት ይነቃል። አብሰንስ ውስጥ ያለውን ግን ቢነኩትም ቢጠሩትም ጥቃቱ ጊዜውን እስኪጨርስ አይመለስም። የአብሰንስ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሰከንድ ነው፤ ሐሳብ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ከንፈር መላስ፣ የሚያኝክ መምሰል፣ ልብስ መነካካት፣ የያዙትን ነገር ማላላት ወይም እርስዎ እንዳዩት የዓይን ቆብ መርገብገብ ሲታከልበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ወላጅ ብዙም የማያየው ሌላ ማስረጃ ደግሞ ደብተር ላይ ይገኛል። የቃል ጽሕፈት የተጻፈበትን ገጽ ይመልከቱ። ልጅቷ የምታውቀው ቃል በመካከሉ ተቋርጦ ከሆነ፣ እርሳሱ ድንገት ከመስመር ወጥቶ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሐረግ ሙሉ በሙሉ ተዘልሎ ቀጣዩ በትክክል ተጽፎ ከሆነ፣ ይህ ካለማወቅ ስሕተት ይለያል። ጮክ ብላ ስታነብም ቆም ብላ ከተመለሰች በኋላ የት እንደደረሰች ሲጠፋት ማየት ይቻላል። እነዚህ ብቻቸውን ምርመራን አይተኩም፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ግን ክብደት አላቸው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። አብሰንስ ካለባቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ እውነተኛ የትኩረት ችግርም አለባቸው፤ ይህም ጥቃቱ በመድኃኒት ከቆመ በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «ትኩረት ማጣት ነው» የሚለው ትክክል ሆኖ ሳለም ጥቃቱ አብሮ ሊኖር ይችላል። አንዱን ማግኘት ሌላውን መፈለግ አያስቀርም።

ከዚህ በኋላ ስታዩአት ሰዓቱን ልብ በሉ። መፍዘዙ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ የሚረዝም ከሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት «ከሆዴ የሆነ ነገር ወደ ላይ ይወጣል» ወይም «ፈራሁ» የምትል ከሆነ፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ግራ የምትጋባ፣ የምትደክም ወይም የምትተኛ ከሆነ፣ ይህ አብሰንስ ሳይሆን ከአንድ የአንጎል ክፍል የሚነሣ ፎካል የሚባል ጥቃት የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ሁለቱን መለየት ከስያሜ ያለፈ ጥቅም አለው፤ የሚያስፈልገው ምርመራም የሚታዘዘው መድኃኒትም ይለወጣል። አብሰንስ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጀምራል፣ ያለ ድካም ያበቃል፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ፎካሉ ግን በሳምንት ወይም በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

በቀላሉ የሚታለፉ ሌሎችም አሉ። ከ3 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታየው ሮላንዲክ የሚባለው ዓይነት በአብዛኛው እንቅልፍ ላይ ወይም ሊነጋ ሲል ይመጣል፤ አንድ ወገን ፊትና ከንፈር ይርገፈገፋል፣ ምራቅ ይዝረከረካል፣ ልጁ እየሰማ መናገር ያቅተዋል። አስደንጋጭ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ በራሱ ይቆማል። በታዳጊዎች ላይ ደግሞ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ እጅና ትከሻ ድንገት እየነጠረ ኩባያ ወይም ማንኪያ ከእጅ ይወድቃል። ቤተሰብ «ግድ የለሽ» ይላቸዋል፤ እንቅልፍ ሲያጡ ይብስባቸዋል።

ቀጠሮ የማይሰጠው ግን ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ጨቅላዎች፣ በተለይ ከ3 እስከ 12 ወር ባሉት ላይ የሚታየው ነው። ሕፃኑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ወይም ሊተኛ ሲል አንገቱን ድንገት ወደ ፊት ይሰብራል፣ እጆቹን ይዘረጋል፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ ያጥፋል፤ አንዱ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ቆይቶ ይለቀዋል፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይደገማል፣ እንዲህ እየተከታተለ ብዙ ጊዜ ይመጣል። በየመካከሉ ስለሚያለቅስ የሆድ ቁርጠት ይመስላል። ዊልያም ጄምስ ዌስት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1841 የገዛ ልጁን ምልክት ለሕክምና መጽሔት በደብዳቤ የገለጸው ይህንኑ ነበር፤ በሽታው ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የሕፃኑ የአእምሮ እድገት ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ እንዲህ ያለውን ያየ ወላጅ በስልኩ ቀርጾ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

በተቃራኒው ጥቃት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ያለ አግባብ የዓመታት መድኃኒት የሚጀመረውም በእነርሱ ነው። በብስጭት ወይም በሕመም አልቅሶ ትንፋሹ ቆሞ የሚጠቁር፣ ከዚያም የሚዝለፈለፍ ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚጥል በሽታ የለበትም፤ ይልቁንም የብረት ማነስ ሊኖርበት ስለሚችል ደሙ ይታይ። ዓይን ማርገብገብና ትከሻ መስበቅ ብቻውን ሆኖ ልጁ ሲጠራ የሚመልስ ከሆነ ቲክ የሚባለው ያለ ፈቃድ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። ቆሞ ሳለ ዓይኑ ጨልሞበት፣ ገርጥቶና አልቦት የሚወድቅ ልጅ ራሱን ስቶ እንጂ ጥቃት ይዞት ላይሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ራስን መሳት ግን ያሳስበኛል፤ ሲሮጥ፣ ሲዋኝ ወይም ድንገት ሲደነግጥ የሚወድቅ ልጅ፣ በተለይ በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ችግሩ የልብ ምት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ አይታለፍ፤ አጭር፣ የማያሳምምና በብዙ ቦታ የሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ኢኢጂው። ከደብዳቤዎ ሁሉ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኢኢጂ ፎቶግራፍ አይደለም። በተለምዶ 20 ወይም 30 ደቂቃ የሚቆይ ቀረጻ ነው፤ የሚያሳየውም በዚያች ጊዜ ውስጥ የሆነውን ብቻ ነው። በሌሎች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የመጀመሪያው ኢኢጂ ደህና ሆኖ መገኘቱ በጣም የተለመደ ስለሆነ «ደህና» የሚለው ውጤት በሽታውን አያስቀርም። አብሰንስ ግን ለየት ያለ ባሕርይ አለው፤ መድኃኒት ያልጀመረችን ልጅ ለ3 ደቂቃ ያህል በጥልቀትና በፍጥነት እንድትተነፍስ ካደረጉ፣ በሽታው ካለባት ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ያህል ጥቃቱ እዚያው ይመጣል። በወረቀቱም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የታወቀው በሰከንድ 3 ጊዜ የሚደጋገም ሹልና ሞገድ ይወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት «ውጤቱ ደህና ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ፈጣን ትንፋሹ ተሠርቷል ወይ? ልጅቷስ በደንብ ተባብራለች ወይ? ምን ያህል ደቂቃ?» የሚለውንም ነው። ይህ በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተሠራ ወይም ልጅቷ አልቅሳ፣ ደንግጣ፣ ለ30 ሰከንድ ብቻ ሞክራ ከተወችው ያ ኢኢጂ ጥያቄዎን አልመለሰም፤ ይደገም። በደንብ ተሠርቶ ምንም ካልወጣ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣ አብሰንስ የመሆኑ ነገር በጣም ይደክማል፤ ያኔ ፎካል ጥቃትን፣ ቲክን ወይም የትኩረት ችግርን ወደ መመርመር መሄድ ይገባል።

ይህን የትንፋሽ ሙከራ ቤት ውስጥ አይሥሩት። ጥቃቱ ቢመጣ በመሣሪያ ካልተቀረጸ ብዙም አይጠቅም፤ ከዚህም በላይ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ፣ የሲክል ሴል ደም ማነስ ወይም የአንጎል ደም ሥር ችግር ላለበት ልጅ አደጋ አለው። በምርመራው ክፍል ባለሙያው በሚሽከረከር ወረቀት ላይ እፍ እያሰኘ ያሠራታል፤ በዚህ መንገድ የ4 ዓመት ልጅ እንኳ ይተባበራል።

ለድጋሚው ኢኢጂ አስቀድመው ይዘጋጁ። ፀጉሯ በዋዜማው ታጥቦ ያለ ቅባትና ያለ ዘይት ይደር፤ የተጎነጎነ ከሆነ ይፈታ፤ ቅባት ካለ ሽቦዎቹ ከራስ ቅሏ ጋር በደንብ አይገናኙም። ምግብ በልታ ትሂድ፤ ረሃብ የአንጎሉን ምት ሊቀይረው ይችላል። ተኝታ እንድትቀረጽ ከታዘዘ በዋዜማው ዘግይታ ተኝታ ማልዳ ትነሣ፣ መንገድ ላይም እንዳታንቀላፋ ይጠብቋት። ቀደም ብላ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ሐኪሙ ካላዘዘ አይቋረጥ። ወደ 20 የሚሆኑ ሽቦዎች በክሬም ራሷ ላይ እንደሚጣበቁ፣ እንደማያሳምምም ቀድመው ይንገሯት። መሣሪያው ከአንጎሏ የሚወጣውን ይመዘግባል እንጂ ወደ ራሷ ኤሌክትሪክ አይልክም። ልጅ ይህን አውቃ ስትገባ አትፈራም፤ ሳትፈራ የተሠራ ምርመራ ደግሞ ውጤቱ ይሻላል።

ኢኢጂ በሌላውም በኩል ያሳስታል። ከጤናማ ልጆች መካከል ጥቂቶቹ አንድም ጊዜ ጥቃት ሳይደርስባቸው ቀረጻው ላይ ሹል ምቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ወረቀት ብቻውን አይታከምም። የታየው ነገርና የተቀረጸው ነገር ሲገጣጠሙ ነው ምርመራው የሚጸናው።

የታየውን ነገር ደግሞ ከእርስዎ በስተቀር የሚያመጣው የለም፤ ሐኪሙ ፊት ለ15 ደቂቃ ስትቀመጥ ላይመጣባት ይችላል። ስልክዎን ከአጠገብዎ አያርቁ። ሲመጣ ፊቷና ሁለቱም እጆቿ እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ፤ ብርሃን ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ ይሁን። ጥቃቱ ካለፈም በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል መቅረጽ አያቋርጡ፤ እንዴት እንደተመለሰች ማየት እንዴት እንደጀመራት ከማየት አያንስም። እየቀረጹ ስሟን በመደበኛ ድምፅ ይጥሩ፣ ክንዷን ይንኩ፣ አንድ ቀላል ነገር ይናገሩ፤ ለምሳሌ «ሰማያዊ ወንበር»። ስትመለስ ምን እንዳሉ ይጠይቋት። ከመለሰች ንቃቷ አልተቋረጠም ማለት ነው፤ ምንም እንዳልሰማች ከሆነ ይህች አጭር ቅጂ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ትበልጣለች። አይጩኹባት፣ አይናጧት፣ ፊቷ ላይ ውኃ አይርጩ፤ ጥቃቱን አያሳጥሩትም።

ከቅጂው ጎን አጭር መዝገብ ይያዙ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ በሰከንድ ስንት ቆየ፣ ምን እያደረገች ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነች፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛች። ግምት አይጻፉ፤ ያላዩትን «አላየሁም» ይበሉ። መምህሯም ለአንድ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳየች በየክፍለ ጊዜው ምልክት እንድታደርግ ይለምኗት። ከዚህ ጋር ሐኪሙ የሚጠይቅዎትን ቀድመው ያሰናዱ፦ ወሊዷ እንዴት ነበር፣ ራሷን ክፉኛ ተመትታ ወይም ማጅራት ገትር ይዟት ያውቃል ወይ፣ በትኩሳት ተንዘፍዝፋ ነበር ወይ፣ በእናትም በአባትም ወገን ጥቃት የነበረበት ሰው አለ ወይ፣ ቀድሞ የምትችለውን አሁን ያቃታት ነገር አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ ወደ ኋላ የምትመለስ ልጅ ቀጠሮዋ መፋጠን አለበት።

ሲቲ ስካን አሁን አያስፈልጋትም። ሲቲ የአንጎልን ቅርጽ እንጂ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴውን አያሳይም፤ በአብሰንስ ደግሞ ቅርጹ ጤናማ ነው። ውጤቱ «ደህና ነው» ሲመጣ ቤተሰብ በውሸት ይረጋጋል፣ ልጅቷም ያለ ጥቅም ጨረር ትቀበላለች። ሲቲ ቦታው ራስ ላይ ጉዳት ሲደርስ ወይም ድንገተኛ የደም መፍሰስ ሲጠረጠር ነው። ጥቃቱ ፎካል ከሆነ፣ አንድ ወገን የሚደክማት ከሆነ፣ የሐኪሙ ምርመራ ጉድለት ካሳየ ወይም እድገቷ ወደ ኋላ ከቀረ የሚያስፈልገው ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሣ የአንጎል ምስል ነው። አብሰንሱ በኢኢጂ ከተረጋገጠና ሌላው ሁሉ ጤናማ ከሆነ ኤምአርአይም ይቀራል። ከ4 ዓመት በፊት የጀመረ አብሰንስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስኳር ወደ አንጎል በበቂ እንዳይገባ የሚያደርግ ግሉት-1 የሚባል የትውልድ ችግር ሊኖር ስለሚችል፣ ልጁ ሳይበላ ከደሙና ከጀርባ አጥንቱ ከሚቀዳው ፈሳሽ የስኳር መጠን ይለካል። እሱ በመድኃኒት ሳይሆን በልዩ የስብ አመጋገብ ነው የሚታከመው።

ካርባማዜፒንን የከለከልኩት በዚህ ምክንያት ነው። እሱም ሆነ ኦክስካርባዜፒን፣ ፌኒቶይንና ቪጋባትሪን ጥቃቱን ሊያበዙ ወይም ልጅን ለረጅም ጊዜ ፈዝዞ እንዲቆይ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፌኖባርቢታልም ለዚህ ዓይነት አይሠራም፤ ልጅን ያደነዝዛል። ለአብሰንስ የተረጋገጡት ሦስት ናቸው፦ ኢቶሰክሲማይድ፣ ቫልፕሮኤትና ላሞትሪጂን። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣ፣ 453 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ሦስቱን አወዳድሮ ነበር። ከ16 ሳምንት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው በኢቶሰክሲማይድ 53 በመቶ፣ በቫልፕሮኤት 58 በመቶ፣ በላሞትሪጂን 29 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም፤ የትኩረት መዛባት ግን በቫልፕሮኤት 49 በመቶ፣ በኢቶሰክሲማይድ 33 በመቶ ላይ ታየ። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነቷ ልጅ ቀዳሚው ምርጫ ኢቶሰክሲማይድ ነው። ብዙውን ጊዜ በኪሎ ክብደቷ በቀን ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ሆድ ሊያሳምም ስለሚችል ከምግብ ጋር ይሰጣል። ገደቡም ይታወቅ፤ ከመንዘፍዘፍ ጥቃት አይከላከልም። ያ ከተጨመረ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይለውጣል።

ቫልፕሮኤት ኃይለኛ ነው፤ ግን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ጉበትን በጽኑ ሊጎዳ ይችላል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ወደፊት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዳ ከመጀመሪያው በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። የትኛውም ቢጀመር በድንገት አይቋረጥም፤ ድንገት ማቆም የማያባራ ጥቃት ሊያስነሣ ይችላል። ወደ 2 ዓመት ያህል ያለ ጥቃት ከቆየች በኋላ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሊያስቆማት ይሞክራል። የልጅነት አብሰንስ ያለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጉርምስና ዕድሜ ይተዋቸዋል፤ አባቷ ያሉት እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን እስኪተዋት የሚያልፉት ዓመታት ማንበብና መቁጠር የምትማርባቸው ናቸው፤ ስለዚህ መጠበቅ አልመክርም።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ልጅቷን ከጨዋታ አያግዷት፤ ከውኃ፣ ከከፍታና ከእሳት ግን ዓይንዎ አይለይ። ገንዳ ውስጥ ብቻዋን አትታጠብ፣ ዋና ስትገባ አጠገቧ መዋኘት የሚችል ትልቅ ሰው ይኑር፣ ዛፍና ግድግዳ አትውጣ፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ብስክሌት አትንዳ፣ መንገድ ስትሻገር እጇ ይያዝ። ባለ 10 ሰከንድ መቋረጥ ወንበር ላይ ምንም አይደለም፤ አስፋልት መካከል ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከወደቀችና ከተንዘፈዘፈች በጎኗ አስተኟት፣ ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ። አፏ ውስጥ ጣትም ማንኪያም አይክተቱ፣ በኃይል አይያዟት፣ እስክትነቃ የሚጠጣ አይስጧት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ከተደገመ፣ መተንፈስ ካስቸገራት ወይም ራሷን ከተመታች ወዲያውኑ ድንገተኛ ሕክምና ይድረስ። መፍዘዙ በደቂቃዎች ተራዝሞ ግራ እንደተጋባች ከቆየችም እንዲሁ ነው፤ ሳይወድቁም የሚቀጥል ጥቃት አለ።

እንግዲህ የማዝዝዎት ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጥቃት ይቅረጹ፣ የኢኢጂውን ሪፖርት ቅጂ ይውሰዱና ፈጣን ትንፋሹ መሠራቱን ያረጋግጡ። ካልተሠራ የ3 ደቂቃ ትንፋሽ ያለበት፣ ከተቻለም እንቅልፍን የሚጨምር ኢኢጂ ይጠይቁ። ከዚያ ቅጂውን፣ መዝገቡንና ደብተሯን ይዘው የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ዘንድ፣ እሱ ካልተገኘ የሚጥል በሽታ የሚያክም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ይህ ሁሉ በሳምንታት እንጂ በወራት የሚቆጠር መሆን የለበትም። የጥቃቱ ዓይነት ሳይታወቅ ምንም መድኃኒት አትጀምር፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ለመጀመር አትዘግይ። ለመምህሯም ዛሬውኑ ይንገሯት፦ ልጅቷ ስትፈዝ አትቆጧት፣ ስትመለስ ያመለጣትን ዓረፍተ ነገር ድገሙላት።